በደንበኛ እና በደንብ መካከል፦ የኒውዮርክ የምግብ ጋሪ ታሪክ

ከከተማ ርቆ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ሐውልቱንና ቤተ መዘክሩን ለማየት አይቸኩልም፤ የትም እንደማይሄዱ ያውቃል። እግሩ ቀድሞ የሚወስደው ከሥራ ሲወጣ ሩዝና ዶሮ ይገዛበት ወደነበረው ጥግ ነው፤ ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያየው ሳህኑን ወደሚያነሣበት፣ ሚጥሚጣ የሚወድ መሆኑን ወደሚያስታውስበት ጥግ። ጋሪው ካለ ከተማው እንደነበረ አለ። ጋሪው ከሌለ ግን የሚጠየቅ ሰው እንኳ አይገኝም። ሱቅ ሲዘጋ በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ጎረቤት ወሬውን ያውቃል። ጋሪ ሲጠፋ የሚቀረው አስፋልቱ ላይ የጠቆረ የዘይት ምልክት ነው፤ እሱንም ዝናብ ያጥበዋል።

አማርኛ ስለዚህ ጉዳይ በሁለት ቃላት ብዙ ተናግሯል። ከአንድ ሻጭ ዘንድ ደጋግሞ የሚገዛ ሰው «ደንበኛ» ይባላል፤ ሻጩም ገዢውን፣ ገዢውም ሻጩን በዚሁ ስም ይጠራሉ። ቃሉ የወጣው «ደንብ» ከሚለው ነው፤ እንደ ልማዱ፣ እንደ ሥርዓቱ የሚመላለስ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ሌላም ስም ወጥቷል፦ «ደንብ አስከባሪ»። የጉሊት ሻጯ ሸራዋን ጠቅልላ የምትሮጠው እሱን ስታይ ነው። አንደኛውን ደንብ ሰዎች በመመላለስ ያወጡታል፤ ሌላውን ማዘጋጃ ቤት ያወጣዋል። የመንገድ ዳር ምግብ ዕድሜውን የሚገፋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

የሁለቱን ደንቦች ግብግብ ከመቶ ዓመት በላይ በሰነድ ለመከታተል ከሚመቹ ከተሞች አንዷ ኒውዮርክ ናት። የከተማዋን ታሪክ በጋሪዎቿ በኩል ያየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፦ የአንድ ጋሪ መኖርና መጥፋት ከምግቡ ጣዕም ይልቅ ጋሪው የቆመበትን ጥቂት ሜትር መሬት በሚመለከት ሕግ የተወሰነ መሆኑ። ጋሪ ጎማ አለው፤ ፈቃዱ ግን ጎማ የለውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ያለ ምልክት ሲጠቀሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባልዲና ጉሮሮ

ኒውዮርክ መንገድ ዳር መብላት የጀመረችው የምግብ ጋሪ ዛሬ የያዘውን መልክ ከመያዙ በፊት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ድሃም ሀብታምም ይበላው የነበረው ኦይስተር ነበር፤ በአካባቢው ውኃ የሚለቀም፣ ዛጎሉ ተፈልቅቆ ብዙ ጊዜ በጥሬው የሚዋጥ የባሕር ፍጥረት። ዛሬ በውድ ምግብ ቤት በበረዶ ላይ ተደርድሮ ይቀርባል፤ ያኔ መንገድ ላይ በሳንቲም ይሸጥ ነበር። በበጋው ማብቂያ ደግሞ ተራው የትኩስ ቅቅል በቆሎ ነበር። በቆሎውን እየዞሩ የሚሸጡት በአብዛኛው ጥቁር ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። በኒውዮርክ ግዛት ባርነት በሕግ የቀረው በ1827 መሆኑን ላስታወሰ ሰው ሥራው ለምን በእነሱ እጅ እንደነበረ ግልጽ ነው። ሱቅ ለመክፈት ገንዘብና ቤቱን ለማከራየት ፈቃደኛ የሆነ ባለቤት ያስፈልጋል፤ ለበቆሎ ባልዲና ጉሮሮ ይበቃል።

የሴቶቹ ጥሪ የከተማዋ ድምፅ ሆኖ ስለነበር፣ ሶሎን ሮቢንሰን የተባለው ጸሐፊ ስለ ኒውዮርክ ድሆች የጻፋቸውን ታሪኮች በ1854 አሰባስቦ ሲያሳትም መጽሐፉን «ትኩስ በቆሎ» ብሎ ሰየመው። በክረምት ዝናብ ከሰል አያይዘው የበቆሎ እሸት የሚጠብሱትን የአዲስ አበባ ሴቶች ለሚያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት እንግዳ አይሆንም። በሁለቱም ከተሞች ምግቡ ርካሽ፣ ሻጯ ሴት፣ ወቅቱም አጭር ነው። በሁለቱም የሻጯን ስም የመዘገበ የለም።

ሠላሳ ደቂቃ

የሚገፋው ጋሪ የከተማዋ ምልክት የሆነው ከ1880ዎቹ ጀምሮ ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ፣ ከደቡብ ኢጣሊያ ደግሞ ገበሬዎች በገፍ ገቡ። የብዙዎቹ ማረፊያ የማንሃታን ደቡብ ምሥራቅ ሰፈር፣ ሎወር ኢስት ሳይድ ነበር። እንግሊዝኛ የማይችል፣ የእጅ ሙያ የሌለው፣ ወይም በሰንበት አልሠራም ብሎ ፋብሪካ የከለከለው ሰው ጋሪ በቀን በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ ይወጣል። በጀርባው ተሸክሞ ይዞር የነበረው፣ በእኛ አጠራር «ሱቅ በደረቴ»፣ ገንዘብ ሲያገኝ ወደ ጋሪ ያድጋል፤ ጋሪው ሲሳካለት ወደ ሱቅ ያድጋል። ቢያንስ ተስፋው እንዲህ ነበር።

የዚህ ገበያ እምብርት ሄስተር ጎዳና ነበር። የኮመጠጠ ዱባ መሰል አትክልት፣ በጨው የቆየ ሄሪንግ ዓሣ፣ ዳቦ፣ የድንች ቂጣ፣ አሮጌ ኮት፣ የዓይን መነጽር፣ ሁሉም በጋሪ ላይ ነበር። ሰፈሩ የገበያውን አንድ ክፍል በፌዝ «የአሳማ ገበያ» ይለው ነበር፤ በአይሁድ ሰፈር የማይገኘው ብቸኛ ነገር አሳማ ስለሆነ። ጋዜጠኛውና ፎቶ አንሺው ጄኮብ ሪስ በ1890 ባሳተመው ስለ ኒውዮርክ ድሆች በሚተርከው ዝነኛ መጽሐፉ ይህን ገበያ ሲገልጽ አዘኔታውና ንቀቱ ተቀላቅለው ይነበባሉ። ሪስ ራሱ ከዴንማርክ የመጣ ስደተኛ ነበር።

ያን ጊዜ የነበረው ደንብ በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው፦ ጋሪ ገፊ በአንድ ቦታ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ መቆም አይችልም። ሕጉ ሻጩን የሚያየው እንደ ተንቀሳቃሽ ነበር፤ መንገዱ የማለፊያ እንጂ የመቆሚያ አይደለም ከሚል ሐሳብ ተነሥቶ። ነገር ግን ደንበኛ የሚፈጠረው በመቆም ነው። ትናንት ዓሣ የገዛችው እናት ዛሬ እዚያው ካላገኘችው ከሌላ ትገዛለች። ስለዚህ ሻጮቹ ቆሙ፤ የቆመ ሁሉ ደግሞ ሕግ ተላላፊ ሆነ። ሕግ ተላላፊ ሆኖ በየቀኑ ለመቆም ፖሊሱን ማስደሰት ያስፈልግ ነበር፤ ጉቦም የቦታ ኪራይ ሆነ። ሊፈጸም የማይችል ደንብ ሰውን ከመንገድ አላነሣም፤ መንገድ ላይ መቆምን ግን ክፍያ አስከፈለበት።

የዚህ ሕይወት ጣዕም በሪፖርት ከሚገኘው ይልቅ በልብ ወለድ ይገኛል። ከፖላንድ የመጣችው ደራሲ አንዝያ የዚየርስካ በ1925 ባሳተመችው ልብ ወለዷ ሳራ የተባለች ትንሽ ልጅ ትታያለች። አባቷ መጽሐፉን ከማንበብ በቀር ሥራ የለውም፤ ቤት ኪራይ ደርሷል። ልጅቱ ሄሪንግ ይዛ ሄስተር ጎዳና ላይ ትቆምና በሙሉ ድምፅዋ ትጮኻለች። የዚያን ቀን ያገኘችው ሳንቲም ትንሽ ነው፤ የገባባት ኩራት ግን እስከ መጽሐፉ መጨረሻ አይለቃትም። የከተማው ባለሥልጣናት በዚያው ጎዳና የሚያዩት የትራፊክ መጨናነቅና ቆሻሻ ነበር። ከንቲባ ጆርጅ ማክሌላን የጋሪዎችን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋሙ። «የጋሪ ችግር» የሚባል ነገር በመንግሥት ቋንቋ ገባ፤ ከዚያ በኋላም አልወጣም።

የሕፃን ጋሪ

ጋሪ ሁሉ ሄስተር ጎዳና ላይ አልነበረም። በ1901 ሊሊያን ሃሪስ የተባለች ጥቁር ሴት ከደቡቡ ሚሲሲፒ ወደ ኒውዮርክ መጣች። የያዘችው ገንዘብ ትንሽ ስለነበር አሮጌ የሕፃን ጋሪና የልብስ መቀቀያ ድስት አገኘች፤ የአሳማ እግር እየቀቀለች መንገድ ዳር መሸጥ ጀመረች። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የማይቀመስ ምግብ ነው። ለደንበኞቿ ግን የእናት ቤት ሽታ ነበር፤ እንደ እሷው ከደቡብ ተሰደው የሰሜኑን ብርድ ገና ያልለመዱ ጥቁሮች ነበሩና። ሰዉ «ፒግ ፉት ሜሪ» አላት።

ሕዝቡ ወደ ሃርለም ሲዘዋወር እሷም ጋሪዋን ይዛ ተከተለች፤ በሌኖክስ ጎዳናና በ135ኛው መንገድ ጥግ ቆመች። ያጠራቀመችውን በሃርለም ቤትና መሬት ላይ አውላ ባለጸጋ ሆና በ1929 ሞተች። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ሠርቶ ያደገ» ለማለት ነው። ሌላም ነገር ግን ይነግራል፦ የመንገድ ዳር ምግብ ለስደተኛ የመጀመሪያው የመመለሻ መንገድ መሆኑን። ሚሲሲፒ መመለስ ያልቻለ ሰው 135ኛው መንገድ ድረስ ይመለሳል።

ነጭ ካፖርት

ጋሪን ከኒውዮርክ መንገድ ለማስወገድ እንደ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ የጣረ ከንቲባ የለም። ከ1934 እስከ 1945 ከተማዋን አስተዳደሩ። አባታቸው ኢጣሊያዊ፣ እናታቸው የትሪየስት አይሁድ ነበሩ፤ ወጣት ሳሉም በኤሊስ ደሴት ለሚገቡ ስደተኞች አስተርጓሚ ሆነው ሠርተዋል። ጋሪ ገፊዎቹን በቋንቋቸው ማናገር የሚችል ሰው ነበሩ ማለት ነው። ምናልባትም ለዚህ ነው ጋሪውን እንደ ውርደት ያዩት፤ ወገናቸው በዝናብና በበረዶ ሲጮኽ መታየቱ አልተዋጠላቸውም።

መፍትሔአቸው ገበያውን ጣሪያ ሥር ማስገባት ነበር። በ1936 በምሥራቅ ሃርለም ከባቡር ድልድዩ ሥር በኋላ «ላ ማርኬታ» የተባለው ገበያ ተከፈተ፤ በ1938 የፈርስት አቬኑ፣ በ1940 የኤሴክስ ጎዳናና የብሮንክሱ አርተር አቬኑ ገበያዎች ተከተሉ። ሻጩ ነጭ ካፖርት ለበሰ፣ የውኃ ቧንቧና ሚዛን ተሰጠው። ከንቲባው እነዚህን ሰዎች ከጋሪ ገፊነት አውጥተው ነጋዴ እንዳደረጓቸው በኩራት ይናገሩ ነበር። ከእውነት የራቀም አልነበረም፤ ብዙ ሻጮች ከብርድ ድነዋል፣ የምግቡም ንጽሕና ተሻሽሏል።

ሆኖም ጣሪያ ሥር ያለው ቦታ የተወሰነ ነው፣ ኪራይም አለው። መንገድ ላይ የነበሩት ሁሉ አልገቡም። የገባውም ቢሆን አንድ ነገር ውጭ ትቶ ነው የገባ፦ መንገደኛውን። ጋሪ ሰውን በመንገዱ ላይ ያገኘዋል፤ ወደ ገበያ አዳራሽ ግን ሰው አስቦ ነው የሚሄደው። ከጦርነቱ በኋላ የሄስተር ጎዳና ዓይነት የጋሪ ገበያ ወደ ትዝታነት ተለወጠ፤ ትዝታ ሲሆን ደግሞ ተወደደ። በ1964 ጂን ሜሪል በጻፈችው የልጆች ልብ ወለድ የኒውዮርክ ጋሪ ገፊዎች መንገዱን ሊቆጣጠሩ ከመጡ ግዙፍ የጭነት መኪኖች ጋር ጦርነት ይገጥማሉ፤ መሣሪያቸው የመኪኖቹን ጎማ የሚያስተነፍስ፣ በቱቦ የሚነፋ መርፌ ያለው አተር ነው። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ከትናንሽ አሳታሚዎች ለሚመረጡ ሥራዎች በየዓመቱ የሚሰጠው ታዋቂ የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት «ፑሽካርት» ይባላል። ከተማዋ ከመንገዷ ያባረረችውን ጋሪ ሥነ ጽሑፍ በክብር አስቀመጠው።

ሁለት ወረቀት

ጋሪው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሆትዶግ፣ ፕሬዝልና ቡና የሚሸጡ ጋሪዎች ቀሩ፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙዎቹን ግሪኮች ይዘዋቸው ነበር። በከተማዋ ጋሪና ካፌ ሁሉ ቡና የሚቀዳበት ሰማያዊና ነጭ የወረቀት ኩባያ የግሪክ ጌጥ ያለበት ደንበኛው ግሪካዊ ስለነበረ ነው። ኩባያውን በ1963 የነደፈው ሌስሊ በክ ግን ከናዚ ማጎሪያ የተረፈ የቼኮዝሎቫኪያ ሰው ነበር፤ ለካፌ ባለቤቶቹ ይወዱታል ብሎ ያሰበውን ሣለላቸው።

ዛሬ ያለውን ሁኔታ የወሰነው ሕግ የወጣው በከንቲባ ኤድ ኮች ዘመን፣ በ1983 ነው። ከተማው የምግብ ጋሪ ፈቃድ ቁጥር በ3,000 አካባቢ እንዲገደብ አደረገ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1979 ምግብ ላልሆነ ዕቃ ሻጮች የሚሰጠው ፈቃድ በ853 ተገድቦ ነበር፤ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ግን ከገደቡ ነፃ ናቸው። ከሚሊዮኖች ከተማ አንጻር ቁጥሮቹ ኢምንት ናቸው። ለአሥርት ዓመታትም ከቦታቸው ብዙም አልተንቀሳቀሱም።

አሠራሩን ለመረዳት ሁለት ወረቀቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሻጩ መታወቂያ ነው፤ የምግብ ንጽሕና ሥልጠና ወስዶ ፈተናውን ያለፈ ሰው ያወጣዋል፣ ቁጥሩም አልተገደበም። ሁለተኛው የጋሪው ፈቃድ ነው፤ ጋሪው ላይ የሚለጠፈው፣ የተገደበውም እሱ ነው። እናም በከተማዋ መታወቂያ ያለው፣ ምግብ አሠራሩን የሚያውቅ፣ ጋሪ ግን ማውጣት የማይችል ሰው በሺዎች ሆነ። ፈቃዱን ቀድመው የያዙት ደግሞ በየሁለት ዓመቱ 200 ዶላር እየከፈሉ ያድሱታል። ብዙዎቹ ራሳቸው ጋሪ ላይ መቆም ካቆሙ ቆይተዋል። ወረቀቱን ያከራዩታል፤ የጥቁር ገበያው ዋጋ ለሁለት ዓመት 20,000 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደደረሰ በተደጋጋሚ ተዘግቧል።

ይህ ማለት ደንበኛው ለአንድ ሳህን ከሚከፍለው የተወሰነው ክፍል ለማያየው ሰው ይሄዳል። በ1890ዎቹ ለፖሊስ ይከፈል የነበረው በ1990ዎቹ ለወረቀት ባለቤት ተከፈለ። የመጀመሪያው የመጣው መቆም ስለተከለከለ፣ ሁለተኛው ቁጥር ስለተገደበ ነው። በሁለቱም ጊዜ ደንቡ ሻጩን ከመንገድ አላጠፋውም፤ መካከለኛ ሰው አቆመበት እንጂ።

ፈቃድ ያገኘም ቢሆን የሚቆምበትን ቦታ በሜትር ይለካል። ጋሪው ከአሥር ጫማ በላይ ሊረዝም፣ ከአምስት ጫማ በላይ ሊሰፋ አይችልም፤ ከሕንፃ በር ሃያ ጫማ፣ ከእግረኛ ማቋረጫ አሥር ጫማ መራቅ አለበት። ጥቂት ሲጠጋ ይቀጣል። በ1998 ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒ በማንሃታን ብዙ ጎዳናዎችን ለምግብ ጋሪ ለመዝጋት ያቀረቡት ዕቅድ ከሻጮችም ከደንበኞችም ተቃውሞ ገጥሞት ወደኋላ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በ2001 የመንገድ ሻጮች የሚደራጁበትና የሕግ ድጋፍ የሚያገኙበት «ስትሪት ቬንደር ፕሮጀክት» ተመሠረተ።

የማንም አገር ያልሆነ ምግብ

በ1990 ሦስት ግብፃውያን በ53ኛው መንገድና በስድስተኛው አቬኑ ጥግ ሆትዶግ መሸጥ ጀመሩ። አካባቢው ሆቴልና መሥሪያ ቤት የበዛበት፣ ታክሲ የማይጠፋበት ነው። በእነዚያ ዓመታት የታክሲውን መሪ የያዙት በብዛት ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከግብፅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሐላል የሆነ፣ የሚያጠግብ፣ ቶሎ የሚደርስ፣ ሌሊትም የሚገኝ ምግብ ይፈልጋሉ። ሆትዶግ ይህን አያሟላም። በ1992 ሻጮቹ ወደ ዶሮ፣ ጂሮና ሩዝ ዞሩ። ስሙ በኋላ «ዘ ሐላል ጋይስ» ተባለ፤ በ2014 ምግብ ቤት ከፈተ፣ ከዚያም በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አወጣ።

የሳህኑን ይዘት ያስተዋለ ሰው ታሪኩን ያነበዋል። ቢጫው ሩዝ የእስያና የዓረብ ነው። ጂሮው ስሙ ግሪክ ነው፤ በአሜሪካ የሚታወቀው ተጠቅጥቆ የሚዞረው ሥጋ ግን በ1970ዎቹ በቺካጎ ፋብሪካዎች በብዛት መመረት የጀመረ ነው። ነጩ ሶስ ማዮኔዝ የገባበት የአሜሪካ ልጅ ነው። ቀዩና የሚያቃጥለው ከሰሜን አፍሪካ ማጣፈጫ ጋር ይዛመዳል። ሰላጣው የበረዶ ሰላጣ ነው፣ ዳቦው ፒታ። ካይሮ ሄዶ ይህን ሳህን የሚፈልግ አያገኘውም፤ አቴንስም፣ ዳካም የለም። አገሩ ያ ጥግ ነው። ወደ ጥጉ የሚመለስ ሰው እንግዲህ የሌላ አገር ቅጂ ወደሆነ ነገር አይመለስም፤ ምግቡ የተወለደበት ቦታ መመለሱ ነው።

ኢትዮጵያዊ ለዚህ ጋሪ ያለው ግንኙነት ለብቻው የሚታይ ነው። በአገር ቤት ሥጋ የሃይማኖት ድንበር ነው። ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይታያል፤ አብረው ያደጉ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የማይለያዩ ጎረቤቶች ከአንድ ድስት ሥጋ አይበሉም፤ ደጋሹም ለእንግዶቹ ሁለት ያርዳል። ለሙስሊሙ ኢትዮጵያዊ የጋሪው ጽሑፍ በባዕድ ከተማ የተገኘ ዋስትና ነው። ክርስቲያኑ ግን እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ብዙ ጊዜም ልብ ሳይለው፣ እናቱ የማትሻገረውን ድንበር ይሻገራል። አንዳንዱ አይሻገርም፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ፈላፈል ያዝዛል፣ ሽንብራ ነውና ለጾም ይሆናል፤ ነጩን ሶስ ግን «ተወው» ይላል። በዋሽንግተን ታክሲ የነዱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የዚህን ሕይወት ሌላ ገጽታ ያውቁታል፦ ለሚነዳ ሰው ምግብ የሚመረጠው በጣዕሙ ብቻ ሳይሆን መኪና ለአምስት ደቂቃ ማቆም በሚቻልበት ቦታም ነው።

ጋሪው ሲመሽ የት ያድራል?

ደንበኛ የሚያየው የቆመውን ጋሪ ነው። የጤና ደንቡ ግን ጋሪው በየቀኑ ፈቃድ ወዳለው ማደሪያ ተመልሶ እንዲታጠብና እንዲቀመጥ ያዛል። ማደሪያዎቹ በብሩክሊን፣ በኩዊንስና በማንሃታን ዳር ያሉ ጋራዦች ናቸው። ሻጩ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ በረዶ፣ ሥጋ፣ ጋዝና ዳቦ ይጭናል፤ ጋሪውን በመኪና ይጎትታል ወይም ለጎታች ይከፍላል። ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ጥጉን ከያዘበት ቀኑ ተበላሸ። ፈቃዱ ጋሪውን እንጂ ጥጉን አይሰጠውም፤ ጥጉን የሚያስከብርለት ሻጮች በመካከላቸው ያወጡት ያልተጻፈ ደንብ ነው።

ራሚን ባህራኒ በ2005 የሠራው «ማን ፑሽ ካርት» የተባለው ፊልም ይህንን ሰዓት ያሳያል። አሕመድ በፓኪስታን ታዋቂ ዘፋኝ ነበር፤ ማንሃታን ላይ ቡናና ዶናት ይሸጣል። ፊልሙ ደጋግሞ የሚመለሰው ጋሪውን በጨለማ፣ በመኪኖች መካከል፣ በእጁ ወደሚጎትትበት ትዕይንት ነው። ጠዋት ደንበኞቹ ሻይና ቡናቸውን ይወስዳሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ለአፍታ ዞር ሲል ጋሪው ይሰረቃል፤ የተሰረቀበት ከተማ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ፊልሙ በትክክል የያዘው ነገር፣ ደንበኛው «እንደተለመደው» የሚለው ያ ቡና በሻጩ በኩል በየሌሊቱ ከዜሮ የሚጀመር መሆኑን ነው። ደንበኛው በዓመቱ አንድ ጊዜ ይመለስ ይሆናል፤ ሻጩ ግን በየቀኑ ሲመለስ ነበር።

ጥጉን የሚያስታውስ

በ2021 መጀመሪያ የከተማው ምክር ቤት ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ገደቡን የሚያላላ ሕግ አጸደቀ። በየዓመቱ 445 አዲስ ፈቃዶች ለአሥር ዓመት እንዲጨመሩ፣ ፈቃዱን የያዘውም ሰው ራሱ ጋሪው ላይ እንዲገኝ የሚጠይቅ ነው። የኋለኛው አንቀጽ የወረቀት ኪራዩን ለማድረቅ የታሰበ ነው፤ ጋሪው ላይ የሌለ ሰው ከጋሪው እንዳይኖር። አፈጻጸሙ ግን አዝጋሚ ሆነ፤ ሕጉ ከወጣ በኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮች ያለ ጋሪ ፈቃድ ይሠሩ ነበር። ከላጓርዲያ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ግን የአስተሳሰብ ለውጥ አለው፦ ጥያቄው «ጋሪውን እንዴት እናንሣው?» ከሚለው «ጋሪው የማን ይሁን?» ወደሚለው ተሸጋግሯል።

ጥያቄው ለአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ ነባር ሰፈሮችን አንሥቶ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ዘርግቷል። ከውጭ የሚመለስ ሰው በመብራቱና በንጽሕናው ይደነቃል፤ ቀጥሎ ግን እርጥብ ይበላበት የነበረውን ጥግ ፍለጋ ይሄዳል፤ ዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንችና ቃሪያ ከትታ የምትሸጠውን ልጅ ሊያጣት ይችላል። ከኒውዮርክ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት መንገድ አይታደስ የሚል አይደለም። የላጓርዲያ ገበያዎች ጠቅመዋል፤ የአርተር አቬኑው እስከ ዛሬ ሰው ይመላለስበታል። ትምህርቱ መንገዱ ሲነደፍ ለሻጯ አሥር ጫማ ያልተለካላት እንደሆነ ደንቡ እንደማያጠፋት ነው፤ ትሮጣለች እንጂ ትመለሳለች፣ ስትመለስም ለመቆም ለአንድ ሰው ትከፍላለች።

በዚህ ክርክር ውስጥ የደንበኛው ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማም። የከተማ መዝገብ ቤት ደንቡን፣ ቅጣቱንና የፈቃዱን ቁጥር ያስቀምጣል። ሻጩ ለየትኛው ሰው ሽንኩርት እንደሚተው፣ የወር መጨረሻ ሲሆን ለማን በዱቤ እንደሚሰጥ፣ ጥጉን ስንት ዓመት እንደያዘ የሚመዘግብ ክፍል የለውም። ይህን የሚያውቀው ደንበኛው ብቻ ነው። በ1998 የጁሊያኒን ዕቅድ ከተቃወሙት መካከል ምሳቸውን ከዚያ የሚገዙ ሰዎች ነበሩ፤ ሻጩ ብቻውን ቢጮኽ ኖሮ ጩኸቱ እንደ ሄስተር ጎዳናው ለመንገድ ጫጫታ ይቆጠርበት ነበር። ስለዚህ ወደ ጥጉ ተመልሶ ጋሪውን ያጣ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ጋሪ የት እንዳለ ሳይሆን፣ ያኛው ሰው በየትኛው ደንብ ከዚያ እንደተነሣና አሁን የት እንደሚቆም ነው። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ቀጥሎ ባለው ጥግ የቆመው ሻጭ ነው።